ሁለት ቤት ነበረው

«ሸፊቃ መጣች።»

«የቷ ሸፊቃ?»

«ስንት ሸፊቃ ታውቂያለሽ? የመጋላዋ ናት እንጂ፤ የዚያ የስልከኛው እናት።»

«አቦ! በምን ዓይኗ?»

ዝናሽ ሰማች። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ሰው ፊት ለፊት ሲያወራት «ምን አልክ?» ትላለች፣ ሹክሹክታ ግን አያመልጣትም። ልጅና የልጅ ልጅ ያሳደገ ሰው ጆሮው እንዲህ ነው፤ የሚፈራውን ነገር ከሩቅ ይሰማል።

ሸፊቃ ድንኳኑ በር ላይ ቆማ ከጉያዋ ስልኳን እያወጣች ነበር። በሩ ላይ የእድሩ ዘንቢል ተሰቅሏል። የመጣ ለቀስተኛ ሁሉ ከመቀመጡ በፊት ስልኩን እዚያ ይጥላል። አንዱ በጮኸ ቁጥር ሁሉም የራሱ እየመሰለው አንገቱን ያዞራል። ትናንት ከቀብር መልስ አንድ ስልክ ሩብ ሰዓት ሙሉ በጭፈራ ዘፈን ሲጮኽ ባለቤቱ አፍሮ «የኔ ነው» ሳይል ቀረ።

ሕጉ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው። የወጣው በማዘንጊያ ምክንያት ነው። ዛሬ ይህ ድንኳን የተተከለው ደግሞ ለራሷ ለማዘንጊያ፣ ለዝናሽ ታናሽ እህት ነው።

ሸፊቃ ያመጣችውን ስኳርና ሻይ ቅጠል ለሴቶቹ ሰጠችና ምሰሶው ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ከማንም ጋር አላወራችም። አጠገቧ የነበሩት ሁለት ሴቶች የሆነ ነገር የረሱ መስለው ተነሥተው ሌላ ቦታ ተቀመጡ።

ጎረቤቲቱ ኢስታር እየተሳበች ወደ ዝናሽ ጆሮ ተጠጋች።

«ዝናሽዬ፣ የሟች ቃል እኮ ነው። እኔም እዚያው ነበርኩ፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ልንገራት?»

«ተያት።»

«ነፍስ ይከብደዋል፣ የሟች ቃል ሲታጠፍ።»

«ዛሬን ተያት አልኩሽ፣ ኢስታር። ደክሞኛል።»

ቃሉ ይህ ነበር። ማዘንጊያ ከመሞቷ ከሁለት ቀን በፊት፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ውኃ በማንኪያ ሲሰጧት ድንገት ዓይኗን ገለጠችና «ሸፊቃ ለቅሶዬ ላይ እንዳትቀመጥ» አለች። ሌላ የተናዘዘችው ነገር የለም።

*

ማዘንጊያን ድሬዳዋ የምታውቃት ማዜ ብላ ነው። ቀን ቀን ቀፊራ ገበያ በርበሬና እርድ ትሸጣለች፤ ሰው ሲሞት ሙሾ ታወርዳለች። ከከዚራ እስከ ሳቢያን የማዜ ድምፅ ያልተሰማበት ለቅሶ እንደ ሙሉ ለቅሶ አይቆጠርም ነበር።

ሙሾዋን ከቤቷ ይዛ አትመጣም። ድንኳን ስትገባ መጀመሪያ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። ማን ከማን ርቆ እንደተቀመጠ፣ የትኛዋ ምራት ዓይኗ እንደደረቀ፣ የትኛው ወንድም እንዳልመጣ ታያለች። ሰዓት ሁለት ሰዓት እንዲህ ቆይታ ነው የምትነሣው። ስትነሣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ያጠብቃሉ፤ ምን እንደምትል አይታወቅማ።

«ሙሾ ለሟች መሰለሽ?» ትል ነበር ለዝናሽ። «ሟችማ ሄዷል። ሙሾ ለቀሩት ነው፤ መነጋገር ላቃታቸው።»

ድንኳን ውስጥ የተባለ ደግሞ እዚያው ይቀራል። ይህን ማንም ለማንም አስተምሮ አያውቅም፤ ሰው ሁሉ ግን ያውቀዋል። ድንኳኑ ሲነቀል ሙሾውም አብሮ ይነቀላል። በማግስቱ «ማዜ እንዲህ አለች» ብሎ ያወራ ሰው ነውረኛ ነው።

ሸፊቃ ቀፊራ ውስጥ የማዜ የመደብ ጎረቤት ነበረች። አርባ ዓመት ጎን ለጎን ሸጠዋል። የሸፊቃ ባል ሲሞት ማዜ በሙስሊም ለቅሶ ሙሾ እንደማይባል አውቃ ሦስት ቀን አፏን ዘግታ አጠገቧ ተቀመጠች። ያቺ ማዜ! አንድ ስንኝ እንኳ ሳይወጣት። ስትመለስ ለዝናሽ «ከሁሉ የከበደኝ ለቅሶ እሱ ነበር፤ ጉሮሮዬ ሊፈነዳ» አለቻት።

ነገሩ የተበላሸው በአቶ ክፍሉ ለቅሶ ነው።

ክፍሉ የድሮው የባቡር ነጂ ነበር፤ ዕድሜውን በሙሉ ከድሬ ጅቡቲ የተመላለሰ። ሀዲዱ ላይ፣ ከአንዱ ትንሽ ጣቢያ፣ ሌላ ልጅ እንዳለው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሚስቱም ታውቃለች። አፍ አውጥቶ ያወራው ግን የለም። የተቀበረ ዕለት ያ ልጅ መጣ። ሠላሳ ዓመት የሞላው ጎልማሳ ሰው ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ ግን አልገባም፣ ግባም ያለው የለም። ፀሐይ ላይ፣ ግንብ ተደግፎ፣ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ያለቅሳል።

ማዜ አየችው። ቆየች፣ ቆየችና ተነሣች።

ሁለት ቤት ነበረው፣ አንዱን ዘግቶ ሄደ፤
ከደጅ የሚያለቅሰው ከየት ተወለደ?

አንድም ሴት አልተቀበለቻትም። ያኔ የክፍሉ ሚስት ከተቀመጠችበት ተነሣች፣ ሰው መሐል ሰንጥቃ ወጣች፣ የዚያን ልጅ እጅ ያዘችና ጎትታ አስገብታ ከልጆቿ መሐል አስቀመጠችው። ድንኳኑ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ዝናሽ ብዙ ለቅሶ አይታለች፤ እንደዚያን ቀን ግን ወንዶች በግልጽ ሲንሰቀሰቁ አላየችም።

በድብቅ የሚቀርጽ ስልክ ነበር፤ የያዘው ግን ሁለቱን ስንኝ ብቻ ነው። ሚስቲቱ ስትነሣ የለም፤ እጁን ስትይዝ የለም። የማዜ ጀርባ፣ ነጠላዋ፣ ድምፅዋ፣ አለቀ። ሃያ ሰከንድ።

*

በማግስቱ ማታ ላይ የዝናሽ የልጅ ልጅ ፍቅርአዲስ እየሮጠች መጣች። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። እናቷ ዐረብ አገር ናት፤ ልጅቷን ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት ዝናሽ ናት፣ ስልኩን የላከችላት እናቷ ናት።

«እማማ! ማዜን አራት መቶ ሺህ ሰው አያት!»

«የት?»

«እዚህ! እይ፣ እይ እንጂ! ‹ጥበብ ማለት ይህ ነው› ይላሉ። ከእስራኤል፣ ከካናዳ… አንዷ ‹አባቴን አስታወሰችኝ› ብላ ጽፋለች። እኔ ነኝ የለቀቅኩት! ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ ነው የቀረጽኳት።»

እግዜር ይቅር ይበላት፣ ዝናሽ ያን ምሽት ደስ ብሏታል። እህቷ አራተኛ ክፍል እንኳ ያልጨረሰች በርበሬ ሻጭ ናት። ፍቅርአዲስ ደግሞ ራሷ ግጥም ትጽፋለች፤ የማዜን አፍ ስትሰማ ያደገች ናት፤ ክፋት አስባ አይደለም። አያትና የልጅ ልጅ አንድ ላይ ተጠግተው ሃያዋን ሰከንድ አሥር ጊዜ አዩ።

በሦስተኛው ቀን «ከየት ተወለደ» የተባለው ማን እንደሆነ የሚፈታ ሰው ተገኘ። የክፍሉ ስም ወጣ፤ የሚስቱ ፎቶ ወጣ። ከዚያ ደግሞ የባሰው መጣ፤ ሳቁ። አንዱ የማዜን ድምፅ ቆርጦ፣ ጎሉን ጥሎ መሐል ሜዳ ድረስ በወጣ በረኛ ላይ ገጠመው። ሁለት ቤት ነበረው፣ አንዱን ዘግቶ ሄደ! ሌላው ከሙዚቃ ጋር ቀላቀለው። ሌላው ከሁለት ማዕድ ቤት ሲባረር በሚታይ ፍየል ላይ አደረገው። ድሬ ሳቀች፤ አዲስ አበባ ሳቀች። የክፍሉ ሚስት «ባለ ሁለት ቤቷ» ተባለች፤ ወር ሳይሞላ ቤቷን ዘግታ ናዝሬት ወዳለች እህቷ ሄደች።

«አጥፊው!» አለች ዝናሽ።

«አጠፋሁት እኮ እማማ! እኔ ባጠፋው ምን ዋጋ አለው፣ ሁሉም ወስደውታል።» ልጅቷ ስልኩን ወደ ዝናሽ ገፋችው። «ለማዜ ልንገራት?»

«ዝም በይ። አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ። ይበሉሻል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ይላል የድሮ ሰው። ይህኛው ግን አፋፍ ላይም አልቆመ።

ማዜ የሰማችው ባጃጅ ውስጥ ነው። ከቀፊራ ስትመለስ የገዛ ድምፅዋ ከሾፌሩ ስፒከር ወጣ፣ ከበሮ ተጨምሮበት። ልጁ እየሳቀ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፤ ከኋላ የጫናት ማን እንደሆነች አያውቅም።

«ይህን ከየት አገኘኸው ልጄ?»

«ሚክዳድ ሱቅ ነው ያስጫንኩት፣ እናት። መጋላ።»

ሚክዳድ የሸፊቃ ልጅ ነው። ስልክ ይጠግናል፣ ለባጃጅ ነጂዎች ሙዚቃና ቀልድ ፍላሽ ላይ ይጭናል። ሦስት መቶ ድምፅ በአንድ ላይ አውርዶ በጅምላ ነው የሚጭነው፤ ውስጡ ምን እንዳለም አያዳምጥም። ግን በክፍሉ ለቅሶ ወንበር ሲያመላልስ ውሎ ነበር፤ ስልኩም እጁ ላይ ነበር። ማዜ ሁለቱን ገጠመች። አርባ ዓመት ስንኝ ስትገጥም የኖረች ሴት እንዲህ ስትገጥም አልተሳሳትኩም ብላ ነው።

ያን ምሽት ወደ ዝናሽ ቤት መጣች። ነጠላዋን እንኳ አላወረደችም።

«ዝኔ፣ ሚክዳድ ነው ይላል ነገሩ ሁሉ። ልቤ ግን አላምን አለኝ፣ በእጄ ያሳደግኩት ልጅ ነው። አንቺ የምታውቂው ነገር አለ? ማን ነው የቀረጸኝ?»

ፍቅርአዲስ ከመጋረጃው ወዲያ ነበረች። ዝናሽ የልጅቷን ትንፋሽ ትሰማለች።

«እንጃ» አለች።

በዚህ አንድ ቃል የአርባ ዓመት ጉርብትና ሄደ። ማዜ መደቧን ከሸፊቃ አጠገብ አንሥታ ወደ ሌላኛው የገበያ ጫፍ ወሰደች። ሸፊቃ ሦስት ጊዜ ደጇ መጣች፤ ማዜ ሦስቱንም ጊዜ በር አልከፈተችም። ሰዉ የሚክዳድን ሱቅ ሸሸው። «ለቅሶ የሚሸጥ» አሉት። ልጁ ሱቁን ዘግቶ ጅጅጋ ሄደ።

ማዜንም የሚጠራት ጠፋ። «ነገ ስልክ ላይ ታወጣናለች» ይላሉ፤ እሷ ያወጣችው ይመስል። አንድ ቀን ሳቢያን ለቅሶ ሄዳ ጥግ ይዛ እንደተቀመጠች፣ የሰፈሩ ሰው ስፒከር አምጥቶ ከፈተ። የራሷ የድሮ ሙሾ ነው፤ ለሌላ ሰው ያወረደችው። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። ማዜ ተነሥታ ወጣች። ደቻቱ ድልድይ ላይ ደርሳ ቆመችና ተከትላት ለወጣችው ለዝናሽ እንዲህ አለቻት፦

«ያ ድምፅ ሟቹን አያውቀውም እኮ፣ ዝኔ።»

ከዚያ ወዲህ ለቅሶ አልሄደችም። ደም ግፊቷ ወጣ፣ እህል ቀነሰች፣ ሁለት ዓመት ኖረች።

*

የማዜ ለቅሶ በተቀመጠ በሁለተኛው ቀን አመሻሽ፣ ለቀስተኛው ሲሳሳ፣ ፍቅርአዲስ ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ ታጥባለች። ዝናሽ ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው።

«በልተሻል?»

«በልቻለሁ።»

«ዋሽተሻል። ዓይንሽ ገብቷል።»

ልጅቷ ብርጭቆውን አስቀመጠች። «እማማ፣ መሞቷን ሰምተዋል። ስሜ በሌለበት ገጼ ላይ ሙሾዋን ልቀቁ እያሉ ይጽፉልኛል። አንዱ ደግሞ ‹ሦስተኛ ቤቷን ከፈተች› ብሎ ለጥፏል። ስድስት ሺህ ሰው ሥቆበታል። ስድስት ሺህ!»

«አትክፈቺው። ለምን ትከፍቺዋለሽ?»

«ኡሚ ሸፊቃ እዚያ ተቀምጣለች። ማንም አያናግራትም። ሻይ ስሰጣት ‹ተባረኪ ልጄ› አለችኝ። እኔን! እናገራለሁ።»

«አትናገሪም!» ዝናሽ ክንዷን ጨበጠቻት፣ ከምትፈልገው በላይ። «ማዜን ያደረጓትን አይተሻል። እሷ ሰባ ዓመት ሊሞላት ነበር፣ ቆዳዋ ወፍራም ነው። አንቺን ግን በአንድ ቀን ነው የሚጨርሱሽ። ስምሽ፣ ፎቶሽ፣ የእናትሽ ስም… የሚያገባሽ አታገኚም። ሸፊቃ ትልቅ ሰው ናት፤ ትችለዋለች።»

ይህን ስትል ዝናሽ ራሷን ሰማች። መልሳ ግን አልወሰደችውም።

*

በሦስተኛው ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሸራው በሙቀት ተወጥሮ ነበር። ዝናሽን እንደ ደንቡ ከፍራሹ ላይ አስቀመጧት። ሸፊቃ ዛሬም ምሰሶዋ ሥር ናት።

የእድሩ ዳኛ ሽመክት ጎንበስ ብሎ መጣ። የመንዝ ተወላጅ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ድሬ ኖሮ «አንቱ» ማለቱን አልተወም።

«ወይዘሮ ዝናሽ፣ እህትዎ ያለ ሙሾ ልትሸኝ ነው እኮ። አልቃሾቹን ሁሉ ዞርኳቸው፤ እምቢ አሉ፣ ፈሩ። እኔ ግን ፍላሽ አግኝቻለሁ። የገዛ ድምፅዋ ነው። ትንሽ ብንከፍተው?»

«አይሆንም።»

«እንዲያው ዝም ብሎ ከሚቀር—»

«አይሆንም አልኩ አቶ ሽመክት። ያ ድምፅ እሷን አያውቃትም።»

ሽመክት ምን እንደሆነ ሳይገባው ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ኢስታር እጅጌውን ያዘችና በጆሮው አንሾካሾከች። ፊቱ ከበደ። ወደ ዝናሽ አየ፤ ዝናሽ ዓይኗን ዝቅ አደረገች። ዝም ማለቷን እሺታ አደረጉት፤ ሽመክትም ወደ ምሰሶው ሄደ።

«እመቤት ሸፊቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሟቿ ቃል ትታለች። እርስዎ እንዳይቀመጡ ብላለች። የሟች ቃል ሆኖብን ነው።»

ሸፊቃ እሱን አላየችውም፤ ቀና ብላ በሰው ትከሻ ላይ ዝናሽን አየቻት።

«ዝናሽ። እውነት ማዜ እንዲህ ብላለች?»

«ብላለች» አለች ዝናሽ። እውነት ነውና።

ሸፊቃ ምሰሶውን ይዛ ተነሣች፤ ጉልበቷ ቋ አለ። «እንግዲህ ቃሏ ከሆነ» አለች። «ወላሂ ልጄ አላደረገውም። ግን ለማን ልንገር? ሰሚዋ ሞታለች።» ወደ በሩ ሄዳ እጇን ዘንቢሉ ውስጥ ከታ ከዚያ ሁሉ ስልክ መሐል የራሷን በዳሰሳ ትፈልግ ጀመር።

ዝናሽ ተነሣች። ለመነሣት አላሰበችም፤ እግሯ ነው ያነሣት። በሕይወቷ ሙሾ አውርዳ አታውቅም፤ ዘፈን እንኳ አትችልም፣ ማዜ «ድምፅሽ እንደ ፍሬን ነው» እያለች ትሥቅባት ነበር። መሐል ቆማ አፏን ከፈተች፤ የወጣው የተሰነጠቀ ነገር ነበር።

ማነው ስትዪኝ ያኔ፣ እንጃ ያልኩሽ እኔ፤
ሸፊቃ ምን አርጋ፣ ሌባው ከወገኔ።

የሚቀበላት አልነበረም። አንዲት ሴት «ወይ…» ብላ ጀምራ አቆመች።

«ከወገኔ ማለት? ማን?» አለች ኢስታር።

የዝናሽ አቅም እስከዚህ ድረስ ነው። የልጅቷን ስም ከጉሮሮዋ ቢጎትቱትም አይወጣም፤ «እኔ ነኝ» ልትል ከንፈሯን ስታላቅቅ ከኋላዋ የብርጭቆ ትሪ መሬት ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

«እኔ ነኝ» አለች ፍቅርአዲስ። «ኡሚ ሸፊቃ፣ እኔ ነኝ የቀረጽኳት። ሚክዳድ ምንም አያውቅም። እማማ ዝም ያለችው ልታድነኝ ብላ ነው።»

ሰዉ ጉምጉም አለ። ዝናሽ መጀመሪያ ያየችው የሰዎቹን እጅ ነው፤ አንድ በአንድ፣ እስከ ድንኳኑ ጥግ፣ የተደበቀ ስልክ ያለ እንደሆነ። ሁሉም ባዶ ነበር፤ ወይም ለእሷ ዓይን ባዶ መሰለ። ልጅቷ ፊቷ አመድ መስሎ ቆማለች።

የሸፊቃ እጅ ዘንቢሉ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ልጅቷን አየቻት። ከዚያ ወደ ዝናሽ ዞረች።

«ልጄን ካየሁት ዓመት ከአራት ወሩ ነው» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እሱ ይመለሳል፤ ደውዬ ና እለዋለሁ። ማዜ ግን ጠልታኝ ሞተች። እሱን ማን ይመልስልኛል ዝናሽ? ሁለት ዓመት እኮ ነው። በአንድ አጥር ነበር የምትውሉት። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ…»

«ሸፊቃዬ—»

«ስሜን አትጥሪ።»

የሟች ቃል ይጽና ይሻር፣ የእድሩ ደንብ ስለዚህ የሚለው ነገር የለም። ሰዉ ሁሉ ሸፊቃ ትወጣለች ብሎ ጠበቀ፤ ከበሩ አጠገብ ያሉት እግራቸውን ሰበሰቡላት።

እሷ ግን እጇን ባዶውን ከዘንቢሉ አወጣች። ተመልሳ ምሰሶው ሥር ሄደች። «ለማዜ ነው የመጣሁት» አለች ለማንም ሳይሆን፣ ተቀመጠችም፤ ፊቷን ወደ ሸራው፣ ጀርባዋን ለዝናሽ ሰጥታ። ትከሻዋ ያኔ ነው መንቀጥቀጥ የጀመረው። ለቅሶዋ ድምፅ የለውም።

ኢስታር ዝናሽን በክንዷ ደግፋ ወደ ፍራሹ ልትመልሳት ሞከረች። ዝናሽ ክንዷን አላቀቀች። በሰው መሐል አልፋ ሄዳ ከሸፊቃ ኋላ፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ማንም ተመለሺ አላላትም። ፍራሹ ባዶውን ቀረ።

እጇን ወደዚያ ጀርባ ዘረጋች። ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ትንሽ አየር ላይ ቆየና ወረደ፤ ሸፊቃ ዞር ብትል የምታገኘው ቦታ፣ አቧራው ላይ፣ መዳፉ ወደ ላይ እንደተገለጠ አስቀመጠችው።